የማዕበል ወረፋ

በእኛ ጊዜ ስምንት ሺህ ዶላር ቀልድ አልነበረም። አሁንም ቀልድ አይደለም፣ ብሩክ፣ አትሳቅ። አንተ ገና ታክሲ ከያዝክ ዓመት ያልሞላህ ልጅ፣ "ልጄ ስኬትቦርድ ላይ ወጥታ ጉልበቷን ላጠችው" እያልክ ከጠዋት ጀምሮ ስታማርርብን ዋልክ። ጉልበት ይድናል! ስምንት ሺህ ዶላር አይድንም። እኔ የደረሰብኝን ልንገርህና፣ ማታ ቤትህ ስትገባ ያንን ስኬትቦርድ ወልውለህ ትሰጣታለህ።

ታዲያ በእኛ ጊዜ፣ ዴንቨር ኤርፖርት ታክሲ ስንነዳ፣ ሥራው መንዳት እንዳይመስላችሁ። ሥራው መጠበቅ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው የታክሲ ማቆሚያ ሜዳ ላይ መኪናህን ታቆምና ተራህ እስኪደርስ ትቀመጣለህ፤ ሦስት ሰዓትም አራት ሰዓትም ትቀመጣለህ። እና አንዱ ተራ ሰብሮ ሊገባ ሲል ለዳኝነት የሚጠራው ማን ነው? እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ግን ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ተራ አስከባሪ ነበርኩ፣ ዓይኔ ለምዷል፤ የማን መኪና ከማን ኋላ እንደገባ ሳንቀላፋ እንኳ አውቃለሁ። "ጋሽ ታደሰ፣ ቀጣዩ ማነው?" ይሉኛል። "ያ ሰማያዊው" እላለሁ። አለቀ። ሱማሌው አይከራከረኝ፣ ሩሲያዊው አይከራከረኝ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

እሺ። ህሊናን ታውቋታላችሁ፣ የመጨረሻዋን ልጄን። ነርስ ናት። ሆስፒታሎች ሰው ሲያጥራቸው ለሦስት ለሦስት ወር የሚቀጥሯቸው ነርሶች አሉ አይደል? እንደዚያ ሆና ካሊፎርኒያ ሄደች፣ ቬንቱራ የምትባል ባሕር አጠገብ ያለች ከተማ። "አባዬ፣ ሦስት ወር ብቻ" አለች። ሦስቱ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ዓመት ሆነ። አልማዝ፣ ባለቤቴ፣ "ወንድ ይዛ ነው" ትላለች። ወንድማ ቢሆን ምን ነበረበት! ይመጣ ነበር፣ እናየው ነበር፣ እንሰድበው ነበር። እሷ የያዘችው ማዕበል ነው። ከሥራ ስትወጣ የጎማ ልብስ ለብሳ፣ ቦርድ ተሸክማ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ማዕበል ላይ ቆማ ትጋልባለች፤ ሰርፍ ይሉታል። ጠዋት ሰርፍ፣ ማታ ሰርፍ። የተማረች ልጅ!

ታዲያ እኔ ዝም አልልም። እዚሁ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ እኛው መንገድ ላይ፣ ከቤቴ ሁለተኛው ቤት ለሽያጭ ወጣ። ደወልኩላት። "ህሊና፣ ይሄን ቤት እንያዝልሽ፣ ብድሩ በስምሽ ይሁን፣ ቀብዱን እኔ እከፍላለሁ፣ መጥተሽ እዚሁ ቅርብ ኦሮራ ሆስፒታል ትሠሪያለሽ፣ እናትሽም ታይሻለች።" "እሺ አባዬ" አለች። እኔ እሺውን ሰማሁ እንጂ እንዴት አድርጋ እንዳለችው አልሰማሁም። ስምንት ሺህ ዶላር ከኪሴ አውጥቼ ቀብድ አስያዝኩ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ክሎዚንጉ፣ የመጨረሻው ፊርማ፣ ሰኞ ነው በተባለበት ሳምንት፣ ሪልተሩ፣ የቤት ደላላው፣ ምን ይለኛል? "ጋሽ ታደሰ፣ ልጅዎ እስከ ሰኞ ካልፈረመች ቀብዱ የሻጩ ነው፣ አይመለስም።"

ደወልኩ። "ህሊና፣ ሰኞ ነው።"

"አውቃለሁ አባዬ።"

"ትፈርሚያለሽ?"

"እፈርማለሁ። ፕሮሚስ። እዚህ ቋሚ ሥራ ሰጥተውኛል፣ እሱንም እተወውና እመጣለሁ። ግን ከመፈረሜ በፊት አንዴ መጥተህ እየኝ።"

"ምን ልይሽ? አላውቅሽም?"

"ሰርፍ ሳደርግ።"

አያችሁ? ስምንት ሺህ ዶላሬን አፍና "ና ተመልከተኝ" አለችኝ። አልማዝ ደግሞ፣ "ሂድና አምጣት" ብላ ጋቢ አሸከመችኝ፤ የባሕር ብርድ ክፉ ነው አለች፣ ባሕር አይታ የምታውቅ ይመስል። ቫኔን አስነሳሁ፣ ሁለት ቀን ነዳሁ። የሮኪን ተራራ አልፌ፣ ዩታን አልፌ፣ ያንን ሁሉ በረሃ አልፌ፣ በየማደያው የቤንዚኑን ዋጋ እያየሁ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ።

ቦታው እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ድንጋያማ ጫፍ አለ፣ ባሕሩ ውስጥ እንደ ክርን ገባ ያለ። ማዕበሉ ከሩቅ ይመጣና ያንን ጫፍ ይመታል፣ ከዚያ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ መሰበር ይጀምራል፣ ዳርዳሩን ይዞም ረጅም መንገድ ይሄዳል። ፖይንት ብሬክ ይሉታል። ሌላ ቦታ ማዕበሉ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነው አሉ፤ እዚህ ግን አይሳሳትም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የሚመላለሰውን አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አስቡት፣ አንዱ ቢያመልጥህ ሌላው ይመጣል፣ የሚቆመውም እዚያው ፌርማታ ነው። ይሄን ሳይ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ወደድኩት። ሥራ የሚመስል ነገር ነው።

ግን ሰዎቹ! ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ውሃው ላይ ቦርዳቸውን እንደ በቅሎ ተቀምጠውበታል። ዝም! ወደ ባሕሩ ማየት ብቻ! "ምን እየሠሩ ነው?" አልኳት ቦርዷን ታቅፋ አጠገቤ የቆመችውን ህሊናን።

"ተራ እየጠበቁ ነው" አለችኝ።

በሉ እንግዲህ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለት ቀን ነድቼ፣ የደረስኩት ወረፋ ላይ ነው።

"ተራ አስከባሪያቸው ማነው?"

"የለም አባዬ። ሁሉም ያውቃል።"

"ሁሉም ያውቃል ማለት ማንም አያውቅም ማለት ነው!"

"አባዬ ፕሊዝ፣ ዝም ብለህ እይ" ብላኝ ገባች። እኔ ጫፉ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። እና ማየት ጀመርኩ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሌብነት አይቼ አላውቅም። አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ አለ፣ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አንድ ማዕበል ይወስዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይጨርሳል። ከዚያ በእጁ እየቀዘፈ ይመለሳል። ወረፋው መጨረሻ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁሉንም ዞሮ ከፊት ይገባል! ህሊና ተቀምጣለች። ማዕበል ይመጣል፣ ልትነሳ ስትል ሽማግሌው "ሄይ!" ይላታል፣ ትተወዋለች። ሌላ ይመጣል፣ ጸጉሩን ያስረዘመ ጎረምሳ ይወስድባታል። ሌላ ይመጣል፣ ደግሞ ሽማግሌው! ከእሷ በኋላ የገባች ሴት እንኳ ሁለት ወሰደች። እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ፣ "የእሷ ነው! ሰውዬ፣ ተራው የእሷ ነው!" እላለሁ በአማርኛ። ማን ይሰማኛል? ኤርፖርት ቢሆን ያንን ሽማግሌ ቁልፉን ነጥቄ ወደ ኋላ እሰደው ነበር።

አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ልጄ አንድም አልደረሳትም። ደሜ ፈላ። እንዴ! ቤት ተዘጋጅቶላት፣ ሥራ እየጠበቃት፣ እዚህ በረዶ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ትራፊ ትጠብቃለች? በቃ። ትውጣ፣ ቁርሷን ትብላ፣ ትፈርም፣ እንሂድ። ብድግ አልኩና ጋቢዬን ከላዬ ገፍፌ፣ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ፣ ወዲህ ወዲያ እያውለበለብኩ፣ "ውጪ! ውጪ! ኧረ ውጪ!" ብዬ ጮህኩ።

እሷ ታውቀዋለች ይሄን። ሕፃን ሆና ከቅዳሴ በኋላ ከልጆች ጋር ፓርኪንጉ ላይ ስትሮጥ፣ እኔ በጋቢ ነበር የምጠራት፤ ጋቢው ሲውለበለብ ምግብ ቀርቧል፣ ወይም መኪናው ሊነሳ ነው ማለት ነው። ሌሎቹ ግን ከየት ያውቃሉ? እነሱ የሚያዩት አንድ ጥቁር ሽማግሌ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ፣ ወደ ውሃው እያየ ሲጮህ ነው። አንዱ "ሻርክ!" አለ፤ ሰው የሚበላው የባሕር ዓሣ። በቃ። ሃያው ሰው ሆዱ ላይ ተኝቶ በሁለት እጁ ውሃውን እየገመሰ ወደ ዳር! ሽማግሌው አንደኛ ወጣ፣ እዚያም ወረፋ አላከበረም። ላይፍጋርዱ፣ የዋናተኞቹ ጠባቂ፣ ፊሽካውን እየነፋ እየሮጠ መጣ።

ውሃው ባዶ ሆነ። ህሊና ብቻ ቀረች። ወደ እኔ አየች፣ ጋቢዬን አየች፣ ደግሞ ዞራ የሚሸሹትን አየች። እና አልወጣችም! ያቺ ልጅ የእኔ ናት፤ በነፃ የመጣ ነገር አታሳልፍም። ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች።

እና መጣ። የጠዋቱ ትልቁ። ጫፉን መታ፣ እሷ ብድግ አለች፣ ውሃው ከኋላዋ እየፈረሰ እሷ ከፊቱ እየቀደመች፣ እጇን ዘርግታ ያንን የውሃ ግድግዳ እየዳሰሰች፣ በድንጋዬ ፊት ለፊት አለፈች። ፊቷን አየሁት። ሳቅ የለበትም፣ ፍርሃት የለበትም። ሥራዋን የያዘች ሰው ፊት ነው። እኔ ደግሞ ልማዴ ነው፣ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ መቁጠር ጀመርኩ፤ አርባ ላይ ስደርስ ላይፍጋርዱ ጆሮዬ ላይ "ሰር! ሰር!" ብሎ ጮኸና ጠፋብኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሷ ግን ገና እየሄደች ነበር።

"ሰር! ምን ያህል ነው? የት ጋ አዩት?"

"ምኑን?"

"ሻርኩን!"

"የምን ሻርክ? ልጄን ቁርስ እየጠራኋት ነው!"

አሁን አትሳቁ። ሃያ ሰው ዙሪያዬን ቆሞ ውሃ እያንጠባጠበ ሲያፈጥብኝ ሳቅ አልነበረም። ላይፍጋርዱ ሰውን በከንቱ ስለማስደንገጥ ብዙ መከረኝ፤ እኔም "ይቅርታ" አልኩ፣ ጥፋት ስለነበረ። ያ ጢማሙ ሽማግሌ ግን አልሄደም፤ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ወጣችበት እያየ፣ "ልጅህ ናት?" አለኝ። "ናት" አልኩት። "ጥሩ ሰረፈች" አለ። ቀጠለና፣ "ነገ ያንን አንሶላ ካየሁት ከነአንሶላው ባሕር ውስጥ እወረውርሃለሁ" አለ። "አንተ ደግሞ ወረፋህን ጠብቅ" አልኩት። ተግባባን።

ህሊና መጣች። ጥርሷ በብርድ ይንገጫገጫል። ቫኑ ውስጥ ገብታ ጋቢውን ለበሰች፣ ዳቦዋን ገመጠች፣ ስልኳን አወጣች። "እሺ አባዬ፣ አሁን እፈርማለሁ።"

"በምን?"

"በስልክ ነዋ። እዚህ ላይ በጣት ነው።"

"በስልክ ነው የሚፈረመው? ታዲያ እኔን ከዴንቨር ድረስ ምን አስነዳኝ?"

"ከፈረምኩልህ በኋላ ትመጣ ነበር?" አለችኝ።

አልመጣም ነበር። እውነቱ ይሄ ነው።

ጣቷ ቀዝቅዟል፣ ስልኩ አልቀበል አለ። በጋቢው ጠረገች፣ ደገመች፣ አልቀበል አለ። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም፤ ቃል ገብታለች፣ ልትፈርም ነው። እኔ ደግሞ ያንን ጣት አያለሁ። እና ምን ትዝ አለኝ? ሜዳው። አራት ሰዓት ተቀምጠህ ተራህ ሲደርስ፣ በዚያች ደቂቃ ሚስትህ ደውላ "ና፣ ቤት እንግዳ መጥቷል" ብትልህ ትሄዳለህ? ብሩክ፣ ትሄዳለህ?

"አልሄድም፣ ጋሼ።"

አትሄድም! እሷ ዓመት ሙሉ ተሰልፋ ተራዋ የደረሰው ዛሬ ነው። እኔ የሰው ተራ አስከብሬ ያደግኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን ከወረፋ ጎትቼ ላውጣ? ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ፣ ስልኩን ከእጇ ቀማሁና "ተይው" አልኳት።

"አባዬ፣ ስምንት ሺህ ዶላር ነው!"

"ስንት እንደሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ተይው አልኩሽ። ዳቦሽን ብዪ!"

ለአልማዝ ደወልኩ። "ይዘሃት እየመጣህ ነው?" አለች። "አይደለም።" "ቀብዱስ?" "ሄደ።" "ጋቢውስ?" አለች። "እሷ ለብሳዋለች፣ እዚያው ይቅር ብዬ ነው" አልኳት። "ጥሩ አደረግህ፣ ብርድ ነው" ብላ ዘጋችው።

በሉ ሒሳቡን እናድርግ። ቀብድ፣ ስምንት ሺህ ዶላር፣ የለም። ቤንዚን፣ ደርሶ መልስ፣ የለም። ያ ቤት ዛሬ ዋጋው የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ፤ በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፣ አዲስ አጥር አሠርተውለታል፣ አያምርም። ጋቢ አንድ። ልጅ፣ ሁለት ቀን የሚነዳበት አገር ቀረች። ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። ገቢ ደግሞ ምንድን ነው? አንድ ማዕበል። እሱንም ቆጥሬ አልጨረስኩትም!

"ታዲያ ጋሼ፣ ይሄን ያህል ከከሰሩ በየዓመቱ እየነዱ ቬንቱራ የሚሄዱት ለምንድን ነው?"

አይ ብሩክ! ስምንት ሺህ ዶላር የከፈልኩበት ድንጋይ ነው እኮ! ባዶውን ይቀመጥ?