አቶ ባዩ ደምሌ በችሎት የካዱት የባሕር ቀንድ አውጣ

የተከበራችሁ ካህናት፣ ከወገዳና ከአርብ ገበያ ልትቀብሩ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ የአጎቴን የአቶ ባዩ ደምሌን ዜና ሕይወት የማነበው እኔ የወንድማቸው ልጅ ዋሴ ሞላ ነኝ።

አቶ ባዩ ከአባታቸው ከአቶ ደምሌ ተክለ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረገ ወይን በ1913 ዓ.ም. በሰማዳ ተወልደው፣ ቤተ ልሔም ደብር ገብተው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ድጓ ጀምረው ሳለ አባታቸው ስለ ሞቱ ትምህርቱን ትተው እርሻ ያዙ። በ1946 ዓ.ም. በረዶ አዝመራውን ቢያጠፋው ምጽዋ ወርደው ለአንድ የዛጎል ነጋዴ ተቀጠሩ።

ሥራቸው ዓሣ አጥማጆች በሕይወት የሚያመጧቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች በጨው ውኃ ገንዳ ማኖር ነበር። በዚያም አንዱ ዓይነት ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ውሎ፣ ሲመሽ እንደ ትል የቀጠነ አፉን ዘርግቶ ዓሣን በመርዘኛ ጥርስ ሲወጋና የደነዘዘውን ዓሣ ከነነፍሱ ሲውጥ አዩ። ሌላው ዓይነት ደግሞ የሌላውን ዛጎል ቀስ ብሎ በስቶ ሥጋውን ይመጥጣል።

በ1950 ዓ.ም. ተመልሰው ወይዘሮ ዓለሚቱን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ያዩትን በማኅበር ላይ ቢያወጉ ግን «ባዩ፣ ለፋሲካ በሬ የሚጥል ቀንድ አውጣ አታመጣልንም?» እያለ የማይሥቅባቸው አልነበረም። ከሣቁት መካከል እኛ የሥጋ ዘመዶቻቸውም ነበርንበት።

አባቴ ሞላ ሲሞት አንድ ሰው ርስታችንን ተከራከረን። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ከእኛ ጋር እያለቀሱ ነው። ወሰኑ ሲተከል ቆመው ካዩት መካከል በሕይወት የነበሩት አቶ ባዩ ብቻ ስለነበሩ እናቴ ላቀች እሳቸውን ምስክር ቆጠረች። ተከራካሪው ግን «ጌታዬ፣ ቀንድ አውጣ ዓሣ ያድናል ብሎ የሚያወራ ሰው በርስቴ ይመስክር?» ሲል ነቀፋቸው። ችሎቱ ሣቀ። ዳኛው እውነት ብለው እንደ ሆነ ቢጠይቋቸው፣ አጎቴ የእናቴን ፊት አይተው፣ ምስክርነታቸው እንዲያልፍላቸው ብለው «ለጨዋታ የዋሸሁት ነው ጌታዬ» አሉ። ዳኛውም «መዋሸቱን በአፉ ያመነውን እንዴት ልመን?» ብለው አስወጧቸው።

ርስቱ ሄደ። እናቴና እኔ በሰው ቤት አደርን፤ የዚያን ዘመን ኑሮ እዚህ አልዘረዝርም።

አቶ ባዩ ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልገቡም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከሰው ኋላ ተከናንበው ይቆሙ ነበር። በየመኸሩ ገብስ ይልኩልን ነበር እንጂ፣ እናቴ «ኧረ ባዩ፣ እኔ ምን አልሁህ?» ብላ ደጋግማ ብትልክባቸውም ደጃችንን ሳይረግጡ ቀሩ።

ዘንድሮ በ1964 ዓ.ም. ጎናቸውን ታመው ሲደክሙ የነፍስ አባታቸውን አባ ቀለመ ወርቅንና እኔን አስጠርተው፣ «ቀንድ አውጣውን በዓይኔ አይቻለሁ። ውሸቴ፣ ዋሸሁ ያልሁት ነው። ስቀበር በሣቁብኝ ሰዎች ፊት አንብብልኝ» አሉኝ። በማግሥቱ ዐረፉ። ይኸው አነበብሁ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለሚቱን፣ ልጆቻቸውን ደሴንና ውባለምን፣ ዛሬ እዚህ ቆማ «ባዩ፣ አምንሃለሁ» እያለች የምታለቅሰውን እናቴን ላቀችን ትተው ሄደዋል። ምስክር የማያሻው ፈራጅ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን። አሜን።