ከቀብር በኋላ የተጻፈ ገጽ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሹራብ የለበሱ እናት አጠገባቸው ላለችው ተማሪ አንድ ደብተር ሲሰጧት፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ። የሟች ልጄ ደብተር ነው።»

«ነፍስ ይማር፣ እማማ። ‹አይ አም ሃፒ› ይላል። ‹አይ› እኔ፣ ‹አም› ነኝ፣ ‹ሃፒ› ደስተኛ።»

«የመጨረሻው ገጽስ?»

«‹አይ አም ኮልድ።› በርዶኛል ትላለች።»

«ስንቀብራት ይሄ ገጽ ባዶ ነበር።»

«ኧረ እማማ! ሌላ ሰው ጽፎበት ይሆናላ።»

«ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው የኖረው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ሌላስ ምን ትላለች?»

«‹ሺ› እሷ... እሷ ሹራቤን ለብሳለች።»

«በይ ደብተሩን ያዥልኝ፣ ሹራቧን ላውልቅላት።»

የቴፒ ሙቀት በመስኮቱ እየገባ፣ እኔ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ዘጋሁ።