ማር የማይልስ አራሚ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ስንወርድ፣ ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ገበሬ፣ ሌላው ካኪ የለበሰ ካድሬ ነበር። ገበሬው አንድ ጀሪካን ማር ከወንበሩ ሥር አስቀምጧል።

«ማሩ ለማን ነው?» አለ ካድሬው።

«ልጄ የመሐንዲስ ኮሌጅ ለመግባት ነገ ትፈተናለች። ለአራሚው ነው፣ ጓድ።»

«ሰው መስሎህ ነው? የሚያርመው ማኪና ነው! ለየጥያቄው አራት መልስ ይቀርባል፤ ትክክለኛውን መርጣ በእርሳስ ታጠቁራለች። ማኪናው የጠቆረውን ብቻ ያያል።»

«ስሟንስ?»

«ቁጥር እንጂ ስም አያውቅም።»

«የማን ልጅ ነሽ ብሎም አይጠይቅ?»

«በምን አፉ!»

«ሸጋ ዳኛ! ዘመድ የለው፣ ማር አይልስ! ልጄ እንደሁ ዓመቱን ሙሉ ስታጠና ነው የከረመች። የእርስዎስ ልጅ አይፈተንም?»

«ይፈተናል። እሱም መሐንዲስ እሆናለሁ ይላል።»

«እሰይ! እኩል ሊዳኙ ነዋ!»

ካድሬው ወደ ገበሬው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ፣ ማኪናውን የሚያንቀሳቅስ ሰው መቼም አይጠፋም። ማሩን ለእኔ ይሽጡልኝ።»

የእኔም ልጅ ነገ ተፈታኝ ነውና፣ ጀሪካኑን በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ ወንበር ሥር ሳብኩት።