የአዳነች ተራ

— ሄሎ... ናዚ? ምን ሆንሽ? ... ምንም ሳትሆኚ ነው እኩለ ቀን ላይ የምትደውይው? ... ቆይ። ፈቀደ፣ ያንን ቴሌቪዥን ቀንሰው፣ ልጅህ ናት።

ናዝራዊት ታይላንድ ለትምህርት ከሄደች ወዲህ አልጋነሽ ስልክ የምታነሳው ክፉ ወሬ ጠብቃ ነው። ዛሬ ግን ልጅቱ የደወለችው ደስ ስላላት ነበር። ይኼ ደግሞ እናትየዋን ይበልጥ አስፈራት።

— የቡድሃ መነኩሴ? ... ርኅራኄ? እሱን እዚህ ሥላሴ አጥተሽው ነው? ... ማተብሽስ? ... እስቲ ማዪልኝ።

ናዝራዊት ማለች። ከዚያ አስረዳቻት፤ ጸጥ ብለው ይቀመጡና መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ቀጥሎ ለሚወዱት፣ በመጨረሻም ለማይወዱት ሰው በጎ በጎውን ይመኛሉ። ይህን ከጀመረች ወዲህ የብቸኝነት ለቅሶዋ ቀርቷል። ለአልጋነሽ ግን የታያት የልጇ የተላጨ ጭንቅላት ነው። ተይው ብላ ለመነቻት። ልጅቱም እናቷ አንዴ ከልቧ ሞክራ ምንም ካልተለወጠ እንደምትተወው ቃል ገባች።

— ቃልሽ ነው? ... በይ እሺ። ... የማልወደው ሰው? ከአዳነች ሌላ ማን አለ።

አዳነች ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት። በልብስ ማስጫ ገመድ ከተጣሉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። አልጋነሽ ምንም እንዳይለወጥ እየተመኘች ዓይኗን ጨፈነች።

— ደህና ትሁን። ... ደስ ይበላት፣ ሌላ ሰፈር ሄዳ። ... እሺ፣ እሺ፣ እዚሁ ሆና። ... ከበሽታ ይሰውራት...

ዓይኗን ገልጣ ወደ ጣውላው ግድግዳ ዞረች።

— ናዚ... ትሰሚኛለሽ? የአዳነች ሬዲዮ ከትናንት ጀምሮ አልተሰማም። ... ጠዋት ጠዋት ግድግዳችንን የምታናጋው እሷ አይደለችም? ስኳር አለባት እኮ። ብቻዋን ናት። ... አንቺ ልጅ፣ የአንቺና የአባትሽ ሐሳብ አንሶኝ ነው እሷን የጨመርሽብኝ? ... ምን ያስቅሃል ፈቀደ፣ ነጠላዬን አቀብለኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ወጣች።

— ... አልተለወጠም ብዬ አልዋሽሽም። ቀጥዪበት። ጸጉርሽን ብቻ እንዳትነኪ። ... አዳነች! ... አዳነች፣ እኔ ነኝ፣ አልጋነሽ።

የአዳነች በር ገርበብ ብሎ ተከፈተ።

— ... አይ፣ ሬዲዮሽ ዝም ሲል ጊዜ... ባትሪ ነው? ... ባትሪ አልቆ ነው እኔን እንዲህ የሚያርበተብተኝ? እኛ ቤት ትርፍ አለ፣ ፈቀደ ያመጣልሻል። ... ናዚ፣ ልዝጋው በቃ። ግቢ እያለችኝ ነው።