ውሻ የማጠብ ግዴታ

በ፲፱፻፶ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። ሐረር፣ በሸዋ በር በኩል ወደ ማዘጋጃ ቤት ሥራዬ ስሄድ ጎረቤቴ በድሪ ልጁን ነሲማን አስከትሎ ሲከንፍ አገኘሁት። በድሪ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ትዕግሥት የተረፈው ሰው። ያን ዕለት ግን ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰልኝም።

«ከክፍል አባረዋታል» አለኝ። «ዛሬ ካልመለሷት ነገ ሶፊ ገጠር፣ አክስቷ ዘንድ እሰዳታለሁ። ትምህርቱም በዚያው ይብቃት።»

ነሲማ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። ነገሩ ስላላስቻለኝ ሥራዬን ትቼ እስከ ትምህርት ቤቱ ተከተልኋቸው።

የእንግሊዝኛው አስተማሪ አቶ ሀብተወልድ የክፍሉን በር ዘግተው፣ አለንጋ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በቅርቡ ከመምህራን ማሠልጠኛ የመጣችው ወይዘሪት አስቴር ፊቷ በርበሬ መስሎ ትሟገታቸዋለች።

«እንግሊዝ ግዴታውን የሚናገርበትን ‹አይ ሃቭ ቱ›ን ነው የማስተምረው» አሉ። «‹አይ ሃቭ ቱ ዋሽ ማይ ዶግ›፤ ውሻዬን ማጠብ አለብኝ። ክፍሉ በሙሉ ሲል እሷ አልልም አለች። ንቀት ነው።»

«ውሻ አላት እንዴ?» አለች አስቴር።

«መጽሐፉ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ ለለንደን ልጅ የተጻፈ ነው። ሐረር ላይ ለሰው መጠጫ ውሃ ሲጠፋ ውሻ የሚያጥበው ማነው? ልጆቹ እንደ በቀቀን ይደግማሉ እንጂ ቃሉን አያውቁትም። ትናንት አንዱን ‹ምን ማድረግ አለብህ?› ብዬ በእንግሊዝኛ ብጠይቀው ‹ውሻ› አለኝ።»

በድሪ ጣልቃ ገባ። «እኛ ቤት ‹አለብኝ› ማለት ዋጂብ ነው፤ አላህ ዘንድ ያስጠይቃል። የሌለባትን አለብኝ እንድትል አላሳደግኋትም።»

«ቋንቋ ነው እንጂ መሐላ አይደለም። እኔም በአለንጋ ተምሬ ነው ሰው የሆንኩት» አሉ አቶ ሀብተወልድ። ይህን ሲሉ የእኔም ደም ፈላ። የተገረፈበትን አለንጋ እንደ ርስት ለልጅ የሚያወርስ ሰው ያናድደኛል።

«እርስዎ አባቴ ይሆናሉ፤ ግን ልናገር» አለች አስቴር። «ይህን አነጋገር የምናስተምራት የራሷን ግዴታ እንድትናገርበት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ የራሷን ይጠይቋት።»

«በይ ተናገሪ» አሉ ወደ ልጅቱ ዞረው።

ነሲማ መሬት መሬቱን አየች። አባቷ እጇን ይዞ ሊሄድ ሲል ቀና ብላ «አይ ሃቭ ቱ ለርን» አለች፤ መማር አለብኝ ማለቷ ነው። ንዴቷ ያስታውቃል። ቀጥላ ዓይናቸውን እያየች «ዩ ሃቭ ቱ ኦፕን ዘ ዶር» አለቻቸው። እርስዎም በሩን መክፈት አለብዎት።



«ይህ ከመጽሐፉ ውስጥ የለም» አሉ አቶ ሀብተወልድ።

«የለም» አለች ነሲማ።

በሩን ከፈቱላት። «ነገ ክፍሌ ገብተሽ እንዴት እንደምታስተምሪው አሳዪኝ» አሏት አስቴርን፣ ቀስ ብለው።

ልጅ የባዕድ ቋንቋ የሚገባው የገዛ ጉዳዩን ሲናገርበት ነው። ያኔ ለፈተናም ይሆነዋል፣ በደል ሲደርስበትም አፍ ይሆነዋል፤ በዱላ የተሸመደደ ግን ዱላው ሲቀር አብሮ ይጠፋል።

ስንመለስ በድሪን «አሁንስ በረደልህ?» አልሁት።

«አልበረደልኝም» አለ። «ገብታለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ለመግባት መቆጣት ግዴታዋ መሆን አልነበረበትም።»