ሁለት ዲግሪና አንድ ሳሙና

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው የሰው ጉዳይ አላይም ቢል ማንም አያምነውም። ወረቀቱ በእጄ ያልፋል፣ ዓይኔም ይከተለዋል። የኪራይ ውል፣ የሕክምና ውጤት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ሁሉንም አያለሁ፤ አይቼም ዝም እላለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ዝም ማለት ያቃተኝን ቀን ነው።

ከቀኑ ሰባት ተኩል ይሆናል። ማሽኑ ወረቀት ይዞብኝ፣ ሆዱን ከፍቼ ሳጸዳ ዱቄት ቀለሙ ፈሶብኝ፣ ሁለት እጄ እስከ ክርን ጠቁሯል። በዚህ መሃል የመምህር የልጅ ልጅ እያለከለከች ገባች። መምህር የምንላቸው ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። በዚህ ሰፈር ከሃምሳ ዓመት በታች ሆኖ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም አልፌያለሁ፣ የኔ ማለፍ ከተባለ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"እንደምን ዋሉ እትዬ? ይቺን ግማሽ ገጽ ይተይቡልኝ፣ ቅጹን ደግሞ ሦስት ኮፒ ያንሱልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስገባሁ ይዘጋብኛል።"

በጥቁር ጣቴ ሳልነካው ጎንበስ ብዬ ቅጹን አየሁት። ዩኒቨርሲቲው ሁለት መንገድ ሰጥቷታል። አንደኛው ኬሚስትሪ ብቻ፣ አራት ዓመት። ሁለተኛው ኬሚስትሪና የንግድ ሥራ አመራር አንድ ላይ፣ አምስት ዓመት ተኩል፤ ሲያልቅ ሁለት ዲግሪ። ሁለተኛውን የመረጠ ተማሪ ምክንያቱን በግማሽ ገጽ ይጽፋል፣ አሳዳጊውም ይፈርማል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነበር።

"ይሄስ?" አልኳት በአገጬ እያመለከትኩ።

"አያቴ አልፈርምም አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር እትዬ። ዝም ብለው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸው ሳይፈቅዱ ደግሞ፣ ቅጹ ባይጠይቅም እንኳ፣ እኔ አልሄድም።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ መምህር ራሳቸው በር ላይ ቆሙ። ኮታቸው እስከ መጨረሻው ቁልፍ ተቆልፏል።

"እዚህ እንደምትመጪ አውቄያለሁ" አሉ ለልጅቷ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አንቺም ልጄ፣ ከመተየብሽ በፊት ስሚኝ። ይቺ ልጅ ኬሚስትሪ ትወዳለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ኩሽናዬን ላቦራቶሪ አድርጋ አንድ ብርጭቆ አላስተረፈችልኝም። ታዲያ የወደደችውን ይዛ መሄድ ሲገባት፣ ግማሽ ልቧን ገበያ ልታስቀምጥ ትላለች። ላቦራቶሪ ቆሞ ስለ ደንበኛ የሚያስብ ሰው ጠብታውን ይስታል።"

መልስ ሳይሰጣቸው ሌላ ሰው ገባ። የገቡት ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሚዛን ናቸው። ይህን ስም ያገኙት ዕቃ ሲመዝኑ ሚዛኑ እንዳይወዛወዝ ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ ነው፤ ከባድ ዕቃ ሲመዝኑ እኛም አብረን እንይዛለን። አንድ ማስታወቂያ ላሳትም ብለው ነው የመጡት፤ "ቲማቲሙን ሳይገዙ አይጫኑ" የሚል። መምህርን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ።

"እንደምን ዋሉ መምህር?"

"ደህና፣ እርስዎስ?"

ይህ ሰላምታ ለእንግዳ ሰው ምንም አይደለም። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ግን ሁለቱ በአንድ ወቅት "አንተ" እየተባባሉ በየቀኑ የሚጣሉና በየቀኑ የሚታረቁ ጓደኛሞች እንደነበሩ እናውቃለን። ከዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በፊት በሽርክና ሳሙና መሥራት ጀምረው ነበር፤ መምህር ሊያመርቱ፣ ጋሽ ሚዛን ሊሸጡ። የመጀመሪያው ሳሙና ገበያ በወጣ በሳምንቱ ሁሉም ተመለሰ፣ ሽርክናው ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የቀረው ይህ ሰላምታ ነው።

ጋሽ ሚዛን ግን ወሬ ሰምተው አያልፉም። ነገሩን ከልጅቷ ጠየቁና ወዲያው ፈረዱ።

"መምህር ልክ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከንቱ ድካም ነው" አሉ። መምህር ተገርመው ቀና አሉ። "ስለዚህ ኬሚስትሪውን ትተወውና ንግዱን ብቻ ትማር።"

መምህር መልሰው ተጎነበሱ።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ሱቅ ስቆም" ቀጠሉ ጋሽ ሚዛን፣ "ስለ ሞለኪውል የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። የሚጠይቁኝ፣ 'ጥሩ ነው ወይ? መቼ ይመጣል?' ብለው ነው። ይህን የሚመልስ ሰው ረሃብ አያውቅም።"

"ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?" አሉ መምህር ቀስ ብለው።

"ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ።"

"ሳሙናውን ይዞ ተመልሶ ሲመጣስ?"

አሥራ ሰባት ዓመት ያልተነሳ ነገር ተነሳ። ጋሽ ሚዛን ፊታቸው ቀላ፤ ማስታወቂያቸውን አጣጥፈው ሊወጡ ወደ በሩ ዞሩ። እኔም የሆነ ነገር ማለት ስላለብኝ፣ "ቆዩ እስቲ፣ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ፤ ይቺ ልጅ ሰዓት እያለፈባት ነው" ብዬ ወደ ጥግ መታጠቢያዬ ሄድኩ። ሳሙናዬ አልቋል። ትናንት ማለቁን ረስቼዋለሁ።

"በዚህ ይታጠቡ እትዬ" አለች ልጅቷ፣ ከቦርሳዋ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ።

ውስጡ እንደ ቆየ ወረቀት ገርጣ ያለ ሳሙና አለ። ጠንካራ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳሽከረክረው አረፋው ሞላ፣ ጥቁሩ ከእጄ እየተጠረገ ወረደ። እውነቴን ነው፤ የማሽን ቀለም ከጥፍር ሥር ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ሳያስቸግረኝ አስለቀቀው። እጄን ወደ ብርሃን አንስቼ፣ "ይህን ከየት ነው የምትገዢው?" አልኳት።

ጋሽ ሚዛን ከበሩ ተመልሰው፣ ሳሙናውን ከእጄ ወስደው ያገላብጡት ጀመር። መሃሉ ላይ የተቀረጸች ትንሽ ሚዛን አለች፤ በመታጠብ ብዛት ብትደበዝዝም ትታያለች። ሁለቱ ሽርክናቸው ውስጥ ሳይጨቃጨቁ የተስማሙበት ነገር ይህ ምልክት ብቻ ነበር ይባላል።

"ይሄ የኛ አይደለም" አሉ ጋሽ ሚዛን። "የኛ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉድ ነበር። ውሃ ሲነካው እጅ ላይ ይለጠፋል። አንዷ ደንበኛዬ መዳፏ ላይ እንደያዘችው መጥታ አሳይታኛለች።"

"የእናንተው ነው ጋሼ" አለች ልጅቷ። "የተመለሱት ሣጥኖች ጓዳችን ውስጥ ነበሩ። እኔ ያደግሁት በዚህ ሳሙና እየታጠብኩ ነው። የቀሩት ሦስት ፍሬ ናቸው።"

ጋሽ ሚዛን ወደ መምህር ዞሩ። መምህር ወለሉን ያያሉ።

"አልደረሰም ነበር" አሉ መምህር። "ሳሙና ከተሠራ በኋላ መደርደሪያ ላይ ስድስት ሳምንት ማረፍ አለበት፤ ውሃው እየወጣ ይጠነክራል። እርስዎ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጭነው ወሰዱት። ከተመለሰ ከአንድ ወር በኋላ ያ እጅ ላይ ይለጠፋል ያሉት ሳሙና እንዲህ ሆነ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልነግርዎ መጥቼ ነበር። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ አፈርኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀረ።"

"እሱን አይደለም። ከመጫኔ በፊት ለምን አልነገሩኝም?"

"መጋዘኑ በር ላይ ለጥፌ ነበር እኮ።"

"አምስት ገጽ ነው የለጠፉት!" ጋሽ ሚዛን ድምፃቸው ከፍ አለ። "አንደኛውን ገጽ አንብቤዋለሁ። ስለ ሳሙና አመጣጥ ይተርካል።"

"ከአርባ ሁለት ቀን በፊት እንዳይሸጥ የሚለው አራተኛው ገጽ ላይ ነበር" አሉ መምህር። ስህተታቸውን ገና እየሰሙት ይመስል ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እርስዎስ ለደንበኞችዎ ሰኞ አስረክባለሁ ብለው ቃል ሲገቡ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ከመንገዱ ማዶ ሆኜ 'ሰኞ እወስዳለሁ' ብዬዎታለሁ። እሺ ብለውኛል።"

"ጠብታ እየቆጠርኩ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ነው እሺ ያልኩት።"

እኔ ሳቄን መቆጣጠር ስላቃተኝ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ወንበር ጋበዘቻቸውና መሃላቸው ቆማ እንዲህ አለች፦

"ይህን ታሪክ አያቴ በኬሚስትሪ በኩል ነግረውኛል፤ ጋሽ ሚዛን ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ በንግድ በኩል ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ሳሙናው ጥሩ ነበር፤ ገዢም ነበር። የጠፋው በሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ 'እስከዚህ ቀን አይነካ' የሚል። ለገዢውም አንድ መስመር፣ 'ስድስት ሳምንት ያረፈ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም' የሚል። እነዚህን መስመሮች ለመጻፍ ሳሙናው ለምን እንደሚያርፍም፣ ሰኞ ማን እንደሚጠብቅም ማወቅ ያስፈልግ ነበር።"

"ለዚህ እኮ ሁለት ሰው መቅጠር ይበቃል" አሉ ጋሽ ሚዛን። "አንዱ ይህን የሚያውቅ፣ አንዱ ያንን።"

"እናንተ ሁለት ነበራችሁ ጋሼ" አለች ልጅቷ በትሕትና።

ጋሽ ሚዛን ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ልክ እንደሚመዝኑ፣ ቆዩ። ከዚያ ለቀቁት።

"ልጅቷ ረታችኝ" አሉ። "ሁለቱንም ትማር።"

መምህር ግን አሁንም ብዕራቸውን አላወጡም። እኔም አላስቻለኝም። "መምህር፣" አልኳቸው፣ "እርስዎ እኮ ነዎት ጥያቄ ያልገባው ሰው መልሱን ደብተር ላይ አይጻፍ ያሉን። እዚህ ጋ ያልገባዎት ምንድን ነው?"

"ገብቶኛል ልጄ" አሉ። "ከመጀመሪያውም ገብቶኝ ነበር። ጠብታ ትስታለች ያልኩት ሰበብ ነው። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አራት ዓመት እችላለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አምስት ዓመት ተኩል ያለ እሷ ቤቱ ይከብደኛል። ፈራሁ።"

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። እኔ መተየብ ያለብኝ ወረቀት ፊደሉ ድብዝዝ አለብኝ።

"በየዕረፍቱ እመጣለሁ፣ አያቴ።"

"በመሃሉስ?"

"በመሃሉ እኔ አለሁ" አሉ ጋሽ ሚዛን ባርኔጣቸውን እያሻሹ። "ጓዳህ ባዶ ከሆነ መደርደሪያው ሥራ ፈቷል ማለት ነው። አንተ ሳሙናውን ታበስላለህ፤ እኔ ስድስት ሳምንት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ካልጠበቅሁ በሩን ቆልፍብኝ።"

መምህር ብዕራቸውን አወጡ። ከፊርማው በላይ "የአሳዳጊ አስተያየት" የሚል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። መስመሯን አይተው ወደ እኔ ቀና አሉ።

"ተጨማሪ ወረቀት ይኖርሻል?"

"አንድ መስመር፣ አያቴ" አለች ልጅቷ።

ብዙ አሰቡ። እኔ ማሽኑን አስተካክዬ ግማሽ ገጿን ተይቤ ጨረስኩ፤ የጋሽ ሚዛንን ቲማቲም ሳይቀር አተምኩ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሲሆን መምህር ጎንበስ ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ኮፒዎቹን አንስቼላት ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች ከሄደች በኋላ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ መደርደሪያው ስፋት እየተጨቃጨቁ መንገዱን ተሻገሩ። ማስታወቂያው ጠረጴዛዬ ላይ ተረስቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣቶች እንዲህ ዓይነት ቅጽ ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ "እትዬ፣ ሁለቱን ልያዝ ወይስ አንዱን?" ይሉኛል። ለሁሉም ሁለቱን ያዙ አልልም። ልቡ አንድ ነገር ላይ ያረፈ ሰው፣ ሌላውን ለወረቀቱ ብዛት ብቻ ቢጨምር ድካሙ ይተርፈዋል፤ ዓመቱም ረጅም ነው፣ ፈተናውም እጥፍ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ነገር ከላቦራቶሪው በር ወጥቶ የሰው እጅ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው፣ ሁለቱንም ቢማር አይጸጸትም። የሠራውን ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ያስረዳል። ሰው የሚፈልገውን ሰምቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀን ከመቁረጡ በፊት ነገሩ መድረሱን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ፣ ሁለት ጓደኛሞች አሥራ ሰባት ዓመት እንዳይኮራረፉ ያደርጋል።

ይህን ሁሉ ማስረዳት ሲደክመኝ መሳቢያዬን እከፍታለሁ። ያን ቀን ሦስት ኮፒ አንሺ ተብዬ አራት አንስቻለሁ፤ አራተኛውን ልጅቷን አስፈቅጄ አስቀርቼዋለሁ። የመምህር ጽሑፍ አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል፦

"አትቸኩሉባት፤ እስክትደርስ እንጠብቃለን።"