በሁለቱ ደኖች መካከል የነበረው ቁጥቋጦ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፤ ለእኔ ብላችሁ ይህን ሁሉ ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለጋቢውም አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ብርድ እንደሚፈራ ማን ነገራችሁ?

ሠላሳ አንድ ዓመት በደን ባለሙያነት የዛፍ ዘር ስለቅም ኖርሁ። ዛሬ ብዙ አመሰገናችሁኝ። ደክሞኛልና አላስረዝምባችሁም፤ ግን ያጠፋሁትን ሳልናገር መሄድ አልፈልግም።

በ1990 ዓ.ም. ነው። በሚካኤልና በማርያም ቤተ ክርስቲያን ደኖች መካከል አጋም፣ ቀጋና ግራዋ የበቀለበት ቁጥቋጦ ነበር። «ጥቅም አይሰጥም፤ ተመንጥሮ ይታረስ» ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። መሬት ያልነበራቸው ስምንት አባወራዎች ልጆቻቸውን አሳደጉበት። ይህንንም አልክድም።

ያን ጊዜ እትዬ ካሣነሽ የሚባሉ ማር ቆራጭ ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ጣዝማዎቹ፣ ትንንሾቹ ንቦች፣ የሚኖሩት እዚያ መሬት ውስጥ ነው። አበባ ለአበባ እያሉ ነው ከደን ወደ ደን የሚሻገሩት። ከታረሰ በምን ይሻገራሉ?»

«ክንፍ አላቸው እኮ፣ እትዬ» አልኋቸው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከአራት ዓመት በኋላ በማርያም ደን የቀሩት ሦስት ዋንዛዎች ክረምቱ ሲወጣ በአበባ ነጭ ሆኑ። ፍሬ ግን እምብዛም አልያዙም። የለቀምሁትን ዘር በችግኝ ጣቢያችን ዘራነው፤ አልበቀለም። ማንን ወቀስሁ? የጣቢያውን ሠራተኛ ዋለን። «ውኃ አላጠጣህም» ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁበት። በዚያ ደብዳቤ ምክንያት እድገቱ ቀረበት።

በዓመቱ ከወንዝ ማዶ ካለው ሰፊ ደን ዘር አመጣሁ። መደቡ ያው፣ አጠጪውም ያው ዋለ ነበር። ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ያን ጊዜ የማርያሙን ዘር በድንጋይ ሰብሬ አየሁት። ውስጡ ባዶ ነበር።

እትዬ ካሣነሽ ቤት ሄድሁ። አልወቀሱኝም። «አበባውን የሚጎበኘው ጣዝማ ከሌለ ዛፉ ብቻውን ምን ያድርግ?» ብቻ አሉኝ።

ከስምንቱ ገበሬዎች አምስቱ በድንበራቸው ላይ አጋምና ግራዋ እንድንተክል ፈቀዱልን። ዘንድሮ ዋንዛዎቹ ጥቂት ፍሬ ያዙ። ግማሹ ዘር አሁንም ባዶ ነው። እትዬ ካሣነሽም ይህን ሳያዩ አምና አረፉ።

ዋለ እዚያ ከኋላ ተቀምጧል። ትናንት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «አጠጥቼ ነበር» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ክቡር ኃላፊ፣ ያ ደብዳቤ ከማኅደሩ እንዲወጣ የጻፍሁት ማመልከቻ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ከእኔ የስንብት ደብዳቤ በፊት እሱን ይፈርሙልኝ።

እናንተንም ፈጣሪ ከመፈረማችሁ በፊት መሬቱን ዞራችሁ የምታዩበት ጉልበት፣ ከመውቀሳችሁ በፊት የምትጠይቁበት ትዕግሥት ይስጣችሁ። የተከላችሁት ይጽደቅ፤ ልጆቻችሁም ከፍሬው ይብሉ። ደኅና ሁኑልኝ።